አራተኛውን ፓኔል ስለቀጠለው ሟች

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ ከክትባት ማቀዝቀዣዎ የተሻለ እንደሚሆን ተስፋ አለኝ።

እኔ ጣሪያዎ ላይ ሶላር የዘረጋው ኤሌክትሪሺያን ታናሽ ወንድም፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወንድሜ በሕመም ካረፈ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ባለፈው ሳምንት ግቢው ውስጥ የለጠፉት ሪፖርት ኮንትሮለሩ ተቃጥሎ ማቀዝቀዣው የቆመው በሟቹ ባለሙያ ስህተት ነው ይላል። እናቴ መድኃኒት ልትወስድ መጥታ፣ ወረፋ ላይ ቆማ አነበበችው። ስለዚህ ላመሰግንዎ ብዕር አነሳሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሒሳብ ችሎታዎ። ከፓኔሎቹ የሚመጣውን ኃይል ለባትሪው መጥኖ የሚሰጠው ኮንትሮለር ከ150 ቮልት በላይ እንደማይችል ጎኑ ላይ ተጽፏል። አንዱ ፓኔል 45 ቮልት ነው። ወንድሜ ሦስቱን በተከታታይ ሲያገናኛቸው 135 ሆነ። የቀረችውን 15 ቮልት የተዋት ሰንፎ አይደለም፤ በብርድ ጠዋት የፓኔል ቮልት ስለሚጨምር ነው። እርስዎ ግን ትርፍ ቦታ ሲያዩ አያስችልዎምና አራተኛ አስቀጠሉበት። እኔ በሒሳብ ከክፍሌ መጨረሻ ነኝ፤ ቢሆንም 180 ከ150 እንደሚበልጥ ማንንም ሳልጠይቅ አውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጌጥ ፍቅርዎ። ወንድሜ የኮንትሮለሩ ሳጥን ክዳን ላይ በወፍራም ማርከር «ከሦስት በላይ በተከታታይ አይቀጠል፤ አራት ካስፈለገ ሁለት ሁለቱን ለየብቻ» ብሎ ጽፎ ነበር። እርስዎም «ጥራት መለያችን ነው» የሚል ፖስተር አስለጠፉበት። ፖስተሩ እሳት አልነካውም፤ እንኳን ደስ ያለዎ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሥራ ክፍፍልዎ። ዘበኛው «ሟቹ ልጅ እንዳትነኩት ብሎ ነበር» ሲልዎ፣ «አንተ በርህን ጠብቅ» አሉት አሉ። በሩ እስከ ዛሬ ደህና ነው።

አራተኛም ቅሬታ ነበረኝ፤ ግን ከሦስት በላይ መቀጠል ምን እንደሚያስከትል ስላየሁ ትቼዋለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ወረቀት አውርደው እውነቱን በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ይለጥፉልን። እናቴ በየወሩ መድኃኒት የምትወስደው ከዚያው መስኮት ነው።

ከጣሪያዎ በታች፣ ከፖስተርዎም በታች ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ወንድሜ ሲወጣ መሰላሉን እይዝለት የነበርኩ ታናሹ

ሳልረሳው፦ አራተኛውን ፓኔል የተረከቡበት ቅጽ ላይ ከፊርማዎ አጠገብ ቀኑ አለ፤ ከቀብሩ በኋላ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። ቀብሩ ላይ እርስዎም ነበሩ፣ ከሁላችንም ጮክ ብለው አልቅሰዋል። ሪፖርትዎ እውነት ከሆነ እንግዲህ ወንድሜ ከመቃብሩ ተነስቶ ጣሪያዎ ላይ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። እባክዎ ሲወርድ በየት በኩል እንደሄደ ይንገሩን፤ እናቴ ልታየው ትፈልጋለች።