ሦስተኛው ወንበር

ጥቅምት 3፣ ጠዋት

የመኪናው ወጥ ቤት ሳጥን ዛሬም አልገጠመም። አናጺው መኪናውን ይወቅሳል፤ አንዱዓለም አናጺውን። እኔ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እልጣለሁ። የጠየቀኝ የለም።

ደብተሬ፣ ግቢዬ ውስጥ የቆመው ሚኒባስ የልጄ የአንዱዓለም ነው። የጭነት መኪና መንዳት ሰልችቶት ተወና ይህን አሮጌ ገዛ። የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋና ወጥ ቤት እያስገባበት ነው። ከሚስቱ ከሂሩት ጋር ሁለት ወር ሊዞሩ ነው፤ አ/አበባ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ እስከ ኦሞ። ከቀናቸው ወደ ፊት እንግዳ እየያዙ ሊሠሩበት ያስባሉ። ለወጥ ቤቱ የተረፈው ቦታ ሁለት ክንድ አይሞላም።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መናኸሪያው በር ላይ ለሾፌር ወጥ ስጨልፍ ነው። ሁሉም በልቶ ሄደ። የሄዱበትን አገር በስም አውቀዋለሁ፣ ረዳቶች ሲጣሩ እየሰማሁ። ፊደል የለየሁት ከሸበትኩ ወዲህ፣ በማታ ት/ቤት። መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት የአውቶቡስ ታፔላ ነው። ዓባይን ግን እስከ ዛሬ አልተሻገርኩም።

ከፊት ያሉት ሁለት ወንበሮች ለሁለቱ ናቸው። ከኋላቸው ሦስተኛ ወንበር ሳይነቀል ቀርቷል። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም። መሄድ እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። በአፌ ግን አልለውም። ይጠይቁኝ።

ጥቅምት 5

ሂሩት መጣች። እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምኑን የት ያደርጉት ነበር አለችኝ። የአ/አበባ ልጅ ናት፤ አነጋገሯ ለስላሳ። ለስላሳ ሰው አላምንም። ቢሆንም ተነሣሁ።

የጋዝ ምድጃውን ቆሞ ለሚሠራ ሰው ሰቅለውት ነበር። መኪና ውስጥ ማን ቀጥ ብሎ ይቆማል? አውርዱት አልኩ። ሰው ዱካ ላይ ተቀምጦ ይሥራ። አናጺው በስንት ላድርገው አለ። ተቀመጥኩና ከጉልበቴ ለካ። መደርደሪያው እጄን ስዘረጋ እስከሚደርስበት። የቢላዋው ማስቀመጫ በቀኜ። ድስቶቹ እንዳይንኳኩ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቆራርጠን ማሰሪያ አደረግን።

ማታ እጆቼ አላመሙኝም። ይገርማል።

ጥቅምት 7

ድርቆሽ አሰጣሁ። በሶ አስፈጨሁ። ሽሮው ተለቀመ፣ ተቆላ። ጎረቤቴ እናትነሽ በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ፣ አንቺ ሴትዮ ልትዳሪ ነው እንዴ፣ ይሄ ሁሉ ጓዝ የማነው ትላለች። የልጆቹ ስንቅ ነው አልኳት። ታዲያ ፊትሽ ለምን ፈካ አለች። የእሷ ዓይን ክፉ ነው፤ ሁሉን ያያል።

ጥቅምት 9

ዛሬ መኪናውን ልንሞክር ደምበጫ ደርሰን መጣን። ሦስተኛው ወንበር ላይ እኔ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ትልቅ ነው። ጤፉ ቢጫ ሆኗል። ወንበሩ ተመችቶኛል፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ከመውጣታችን በፊት በውሃው ተጨቃጨቅን። ጀሪካኑ ከላይ መደርደሪያው ላይ ይሁን፣ ቧንቧው በደንብ እንዲወርድ አልኩ። ሂሩት ከባድ ነገር ከታች ነው የሚሻለው አለች። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እሺ እማማ አለች።

የደምበጫ ገበያ ነው። ፈረስ፣ ባጃጅ፣ ሰው። አንድ ፈረስ መንገዱን አቋረጠና አንዱዓለም ፍሬን ያዘ። ጀሪካኑ መደርደሪያውን ገንጥሎ ወረደ። የስንት ቀን ድካም የሆነው ሽሮ ውሃ ጠጣ።

አንዱዓለም ዞር ብሎ አየና፣ እማ፣ በርቺ፣ ወጡን ጀምረሽዋል፣ የቀረው እሳት ብቻ ነው አለ። ሳቀ። ሂሩት አልሳቀችም። ብዬ ነበር አላለችም። ተንበርክካ በጨርቅ ትጠርጋለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ልክ ነበረች፣ እኔ አልነበርኩም። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ጨርቁን በደንብ ጭመቂው አልኳት።

ጥቅምት 12

ጠየቁኝ!

እራት ላይ ነው። አንዱዓለም፣ እማ፣ አብረሽን ለምን አትሄጂም፣ ወንበሩም አለ አለ። እንዲሁ፣ ጨው አቀብይኝ እንደሚባለው።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን፣ “እኔ? በዚህ ጉልበቴ? ቤቱንስ ማን ይጠብቃል?” አለ።

ሰው እንዲህ ነው የሚለው። ብላ ሲሉት በቃኝ ይላል። በሞቴ ይሉታል፤ አይ ይላል። አፈር ስሆን ይሉታል፤ ያኔ ይጎርሳል። በመጀመሪያው ዘሎ እሺ የሚል ያልተቀጣ ልጅ ነው። እጄን ከሰሃኑ ሰብስቤ በሞቴን ጠበቅሁ።

አንዱዓለም፣ እንዳልሽ እማ አለና ጎረሰ።

ሂሩት እሱን አየችው፤ እኔን አየችኝ። አፏን ከፈተች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አፏን ዘጋችው።

ጥቅምት 14

ትናንት አልጠየቁኝም። ዛሬም። አዲስ ሽሮ እየቆላሁ ነው። ነጠላዬን አጥቤ አስጥቻለሁ፣ ምናልባት።

ለእናትነሽ ነገርኳት። በጣም ሳቀች። አፍ የለሽም? ሂጂና ልሂድ በያቸው አለች። ለገዛ ልጄ ለማኝ አልሆንም አልኳት። እንግዲያው ኩራትሽን ስንቅ አድርጊው አለች። ከአጥሩ አባረርኳት።

ጥቅምት 17፣ ከሰዓት

ወንበሩ ተፈታ።

ማቀዝቀዣ ሳጥን ገዝተው መጡ። በመኪናው ባትሪ የሚሠራ። ቦታ አጣ። ሂሩት፣ እማማ፣ እርስዎ ካልሄዱ እዚህ ብናደርገው ይሻላል አይደል አለች። ፊቴን እያየች ነው የጠየቀችው። ቀስ ብላ። ያኔ መናገር እችል ነበር። በር ከፍታልኝ ነበር፣ አሁን ስጽፈው ይገባኛል።

ይሻላል አልኩ።

ብሎኖቹ ዝገው እንቢ አሉ። አንዱዓለም ከሥር ገባ። የእጅ ባትሪውን ያዥልኝ አለኝ። ያዝኩለት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣሳ ተቀበልኩት። ወንበሩን ሁለቱ ተሸክመው አጥሩ ሥር ጣሉት። ዶሮዋ ወዲያው ወጣችበት።

ጥቅምት 20

ሄዱ። ጎህ ሲቀድ። ሂሩት ጉልበቴን ስማ ተነሣች፤ ዓይኗ ረጥቧል። እኔ የጋዙን መዝጊያ ስታድሩ አጥብቁ፣ በርበሬውን ከፀሐይ አርቁ እያልኩ ነበር። ሌላ ነገር ልል ፈልጌ በርበሬ በርበሬ አልኩ።

ግቢው ሰፊ ሆነ። መኪናው የቆመበት ሣር ነጥቷል።

ጥቅምት 26

ምንም።

ኅዳር 2

ከአርባ ምንጭ ደወሉ። አገሩ ሞቃት ነው። ማንጎ እየበሉ ነው። ሂሩት እያፈረች አንድ ነገር ነገረችኝ። ምድጃው ዝቅ ብሎባታል። እግሯ ረጅም ነው፣ ዱካው ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ ከአገጯ ይደርሳል፣ ወገቧን አመማት። ብዙ ቀን ከሆቴል ነው የሚበሉት። ድርቆሹ እንዳለ አለ።

አንዱዓለም ስልኩን ተቀበላት። እየቀለደ፣ እማ፣ ለመሆኑ በማን ልክ ነው ያሠራሽው አለኝ።

“በእኔ” አልኩት።

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አለሁ አለ። ታዲያ እንቢ ያልሽው አንቺ ነሽ እኮ አለ። አንድ ጊዜ ነው የጠየቅከኝ አልኩት። ከጎረቤት ቤት ቡና ሲጠሩህ እንኳ አንድ ጊዜ አይጠሩህም።

አልሳቀም። እማ፣ ከአንቺ ጋር ነው ያደግሁት አለ። ሌላ ሰው አይሆንም ሲል ገና መጀመሩ ነው። አንቺ አይሆንም ካልሽ ግን አልቋል። ለምኜሽ ተመልሰሽ አታውቂም። ስለዚህ መለመን ተውኩ።

 ካርዴ እያለቀ ነው አለና ደኅና ሁኚ አለኝ። እውነት አልቆ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ልጄ በክፋት መስሎኝ ነበር የተወኝ። ይህን ሁሉ ቀን እሱን ስረግም ከረምኩ። እሱ ግን ቃሌን አከበረ። ሌላው ሰው ሦስት ጊዜ ይለመናል፤ እኔ ልማዱን ራሴ አፈረስኩና በራሴ ላይ ሲደርስ በሞቴ በሉኝ እላለሁ። በማንጎ አገር ምድጃው በእኔ ጉልበት ልክ ተሠርቶ ቀዝቅዞ ቆሟል። እኔ እዚህ ነኝ።

አላለቀስኩም። ትንሽ።

ኅዳር 6

እናትነሽ በጠዋት መጣች። ነገ ዲማ ጊዮርጊስ ለንግሥ ከሌሎች ጋር ትሄዳለች፤ ባጃጅ ይዘዋል፣ አንድ ሰው ይጎድላቸዋል። አብረሽን ነይ አለችኝ።

“እሺ” አልኩ።

አፏን ከፍታ ቀረች። ምን አልሽ አለች። እሺ አልኩሽ። አሞሻል? ግንባርሽን ላየው አለችና እጇን ዘረጋች። ብዙ ጊዜ ልለምንሽ ስንቱን ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ምን ላድርገው አለች። ለሌላ ሰው አስቀምጪው አልኳት። እስከ አጥሩ እየሳቀች ሄደች።

ለጸሎት ብዬ አይደለም፣ ልቤም ስለተሻለ አይደለም። ዲማ አርባ ምንጭ አይሆንልኝም። እሺ ያልኩት ፈርቼ ነው፤ ሁለተኛ ባትጠይቀኝስ ብዬ።