ሙሌ፣ ወደ ሮማናት የሚያስኬደውን መንገድ አግኝተነዋል

ሙሌዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። መስቀል አልፎ ጥቅምት ገብቷል። ዛሬ እሁድ ነው፤ ጫማዬን ከነጭቃው በረንዳ ላይ አውልቄ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። እግሬ ዝሏል፣ ፊቴን ፀሐይ ለብልቦታል። ከየት እንደመጣሁ ድንገት ብነግርህ አታምነኝም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

ቤቱ ደህና ነው። ጣራው ላይ ያለው ሮቶ ተሰንጥቆ አስቀየርኩት። የተከልከው ቁንዶ በርበሬ አድጎ የጎረቤታችንን የዘሃራን መስኮት ጋርዶባታል፤ እሷ ግን አንድ ቀን ቁረጡልኝ ብላ አታውቅም። ከግቢያችን ፊት ለፊት የነበረው ሜዳ ቤት ተሠርቶበታል። ጠዋት ጠዋት የኢንዱስትሪ ፓርኩ አውቶብስ በራችን ላይ ይቆማል፤ እዚያ ልብስ የሚሰፉት ልጆች ከኋላችን ያሉትን ክፍሎች ተከራይተዋል። ሰፈራችን ዓዲ ሓቂ አንተ የምታውቀው ዓዲ ሓቂ አይደለም፤ ካፌው ብቻ ስንት ሆነ መሰለህ።

ልጃችን ሰላማዊት ለዓመት ተዝካርህ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሰው ከተሸኘ በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ፣ "እማዬ፣ እዚህ ማን አለሽ?" አለችኝ። "ዘመድ የለሽም፤ ቋንቋውን እንኳ አጥርተሽ አትናገሪውም። ቤቱን እናከራየውና ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ።"

ከደብረ ብርሃን ወደ መቐለ የመጣሁት አንተ ለማስተማር ስትመደብ ተከትዬህ ነው። አንተ ከሌለህ የምቀመጥበት ምክንያት ጠፋኝ። ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ አልኳትና ዕቃ መለየት ጀመርኩ። የጂኦግራፊ መጻሕፍትህን ለትምህርት ቤቱ ሰጠሁ። ካፖርትህን መስጠት አልቻልኩም።

ታዲያ በዐቢይ ጾም አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ጡረታ የወጡት ሾፌር ጎረቤታችን ጋሽ ኪሮስ የስፖርት ጫማቸውን አድርገው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው የግቢው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እሁድ እሁድ ጎረቤቱን ሰብስበህ ለእግር ጉዞ የምትነሳው ከዚያች ቦታ ነበር።

"ወዴት ነው ጋሽ ኪሮስ?" አልኳቸው።

"የትም አይደለም ሓፍተይ፣ እህቴ" አሉኝ መሬት መሬቱን እያዩ። "እሁድ ሲሆን እግሬ ዝም ብሎ ያወጣኛል። ትንሽ እቆምና እመለሳለሁ።"

አንተ ከሄድክ ጀምሮ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ አላየኋቸውም እንጂ። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ። ተነስቼ የዘሃራን በር አንኳኳሁ። ወሎዬዋ ዘሃራ ያው ጨርቋን ትሸጣለች፣ እሁድ ሱቋን ትዘጋለች። ጉዞውን ለምን እንደተዋችሁት ንገሪኝ አልኳት።

"እኛማ አንቺን ፈርተን ነው" አለችኝ። "መምህሩ ሳይኖር ተሰብስበን ስንሄድ ብታዪን ሆድ ይብስሻል ብለን።"

እኔ ደግሞ ሰልችቷቸው የተዉት መስሎኝ ነበር። በአንድ ግቢ እየኖርን፣ እርስ በርሳችን እየተሳቀቅን፣ ያንተን እሁድ ዘግተነው ከረምን። በሚመጣው እሁድ እንሄዳለን አልኳት።

"ማን ይመራናል?"

"እኔ እመራችኋለሁ።"

ዘሃራ አልሳቀችም። "በይ ዳቦውን እኔ እይዛለሁ" ብቻ አለች።

መጀመሪያ የወጣነው ወደ ኲሓ የሚወስደውን ዳገት ነው። እኔም አጥርቼ የማውቀው እሱን ነበርና። መቐለ የመጣን ሰሞን እዚያ አፋፍ ላይ አስቀምጠኸኝ እንዳለቀስኩ ታስታውሳለህ? ሁሉም ድንጋይና አቧራ ሆኖብኝ፣ የደብረ ብርሃን አረንጓዴ መስክ ናፍቆኝ። አንተ አላባበልከኝም። ከታች ያለውን ከተማ በጣትህ እያሳየህ የቱ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ አስረዳኸኝ፤ ከዚያ አውሮፕላኑ ሲያርፍ አይተን በእግራችን ወረድን። ማታ ላይ እግሬን በሞቀ ውኃ እያጠብክ፣ "ነገም በሌላ በኩል እንወጣለን" አልከኝ። በማግሥቱም ወጣን።

አሁንም እዚያው ቦታ ተቀመጥን። ጋሽ ኪሮስ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ቢሆንም ከሁላችንም ቀድመው ደረሱ። የአዲስ አበባው አውሮፕላን አሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ ሲያርፍ ዘሃራ ዳቦዋን አወጣች። በቀኝ በኩል፣ አንተ ትቀመጥበት የነበረውን ድንጋይ ሁሉም አልፈውት ነው የተቀመጡት። እኔ ሄጄ ተቀመጥኩበት። ባዶ እንዲቀር አልፈለግኩም።

ፋሲካ አለፈና ሰላማዊት ደወለች። "ትኬት ልቁረጥልሽ?" አለች።

"ለራስሽ ቁረጪ" አልኳት። "ነይና አብረን እንሄዳለን።"

እንደማልመጣ ገባት። ከዚያ ወዲህ አኩርፋለች፤ ስትደውልም ጤናዬን ጠይቃ ትዘጋለች። አንተ ብትሆን በአንድ ቀልድ ታስቃት ነበር፤ እኔ አልችልበትም። ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ የለየሁትንም ዕቃ ወደየቦታው መለስኩት።

ክረምቱን ዝናብ ባረፈ ቁጥር ስንወጣ ከረምን። የልብስ ፋብሪካ ልጆችም መምጣት ጀመሩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ላይ አቀርቅረው ስለሚውሉ ሜዳ ሲያዩ ይሮጣሉ። የሮማናት ፏፏቴ ግን ቀርቶብን ነበር። ያንተን መንገድ አንድ እሁድ ሞክረነው፣ ከአስፋልቱ ወርደን ትንሽ እንደሄድን አዲስ የድንጋይ አጥር ዘጋብን። ጋሽ ኪሮስ፣ "ይቅር ሓፍተይ፣ ኲሓ ይበቃናል" አሉ። የዚያን ዕለት ተመለስን። ዛሬ ግን መንገድ ሳላገኝ አልመለስም ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት።

አጥሩን ይዘን ዞርን። ከበስተጀርባው ሊታጨድ የደረሰ የጤፍ ማሳ ነው፤ አንዲት እናት ዳር ዳሩን ለከብቶቻቸው የዕለት ሣር ያጭዳሉ። በዚያች በተሰባበረች ትግርኛዬ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ወደ ፏፏቴው ማለፊያ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው መጀመሪያ ጋሽ ኪሮስን አዩ፣ ቀጥሎ ከኋላችን ያለውን ሰው አንድ በአንድ።

"እቲ መምህርከ?" አሉ።

መምህሩስ የት አለ ማለታቸው ነው። አደይ ለተ ይባላሉ፤ ለካ በእርሻቸው ስታልፍ ሁልጊዜ ቆመህ ታጫውታቸው ነበር። ጋሽ ኪሮስ ሊመልሱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። እኔ ልንገራቸው አልኩ።

"ዓሪፉ" አልኳቸው። አርፏል።

ይህን ቃል በአማርኛም ቢሆን በአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ "እሱ እንግዲህ" እያልኩ ነው ያለፍኩት። አደይ ለተ ማጭዳቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው እጄን ያዙና በማሳው ጠርዝ፣ አንድ ሰው ብቻ በምታሳልፍ ድንበር ላይ እየመሩ አሳለፉን። እህሉን እስካልረገጥን ድረስ ሰንበት በመጣ ቁጥር በዚያ እንድናልፍ ፈቀዱልን።

ከፏፏቴው በላይ ያለው አፋፍ ላይ ስንደርስ ቆምኩ። ድሮ አንድ ሁለቴ አብሬያችሁ ስመጣ እኔ እዚያ ላይ ተቀምጬ ነበር የጠበቅኳችሁ፤ ቁልቁለቱን ፈርቼ፣ ጫጫታችሁን ከላይ እየሰማሁ። ዛሬ ልቀመጥ ብል ደግሞ ልጆቹን ማን ይመራል? ዘሃራ ሻርፗን ፈትታ አንዱን ጫፍ አስያዘችኝ። በቂጤም በእጄም እየተንሸራተትኩ ወረድኩ፤ ቀሚሴም ተቀደደ። ሲነግሩኝ ዝናቡ ካበቃ ወዲህ ውኃው ቀንሷል፤ ለእኔ ግን ብዙ ነበር። ፊቴን ሲረጨኝ እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ። ሙሌ፣ ውኃው ከበስተኋላው ክፍት እንደሆነ፣ ድንጋዩም ደረጃ ደረጃ እንደሆነ ስንቴ ነግረኸኝ ነበር። አየሁት።

ስንመለስ ከልብስ ሰፊዎቹ አንዷ፣ ከአላማጣ የመጣች ልጅ፣ ጎን ለጎኔ እየሄደች፣ "እናቴ፣ ቅድም እናትየዋ ያለቀሱላቸው መምህር ማን ናቸው?" አለችኝ።

የት እንደተወለድክ ጀምሬ ነገርኳት። ሳቅህን፣ ተማሪዎችህን ድንጋይ እያስለቀምክ የምታስተምረውን፣ ጋሽ ኪሮስን ሲጋራ ያስተውካቸውን፣ በመጨረሻም ታመህ በተኛህበት አልጋ ላይ ሆነህ እሁድ ዝናብ ይኖር እንደሆነ የጠየቅከውን። አስፋልቱ ስንደርስ ገና አልጨረስኩም ነበር። ሌሎቹም ተጠግተው ሲሰሙ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ አደርጋለሁ፤ እግሬ እስከቻለ እወጣለሁ፣ ካቃተኝም የግቢው በር ላይ ወንበር አስወጥቼ እሸኛቸዋለሁ። ከእኛ ጋር አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ያንተን ነገር ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይመለስም።

ያንተው ብርቄ
መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ