በቁሜ የተለቀሰልኝ ቅዳሜ

ዘ ሄግ፣ ስኪልደርስዋይክ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልናታን
ለንደን

ኤሉዬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ይህን ለወግ ያህል ያልኩት እንዳይመስልህ። ከቅዳሜ ጀምሮ ለሚያውቀኝ ሰው ሁሉ አለሁ፣ አለሁ እያልኩ ሳረጋግጥ ስለከረምኩ ለአንተም በጽሑፍ ይድረስህ ብዬ ነው።

በስልክ የተናገርኩህ አልወጣልኝም። ድምፅ ቀርጬ ብልክልህ ደግሞ አፍጥነህ እንደምትሰማው አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ አጠገቤ ሆነህ የአክስትህን መልእክት ስታዳምጥ ሴትዮዋ እንደ ጫጩት ስትንጫጫ ሰምቻለሁ። ወረቀት አይፈጥንም። እሑድ እሑድ ሮተርዳም ድረስ እያመላለስኩ ፊደል ያስቆጠርኩህ ለዚህ ቀን ነበርና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ቢጫዋን የቤት ቀሚሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ ወጥ ቤቱን ስወለውል ደወሉ ጮኸ። ከፈትኩ። ደረጃው ላይ እስከ ታች ድረስ ጥቁር የለበሰ ሰው ተደርድሯል። ከፊት አቶ አድማሴ፣ የሮተርዳሙ እድራችን ሰብሳቢ፤ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፤ ከእነሱ ኋላ ደግሞ የእድሩ ተጣጣፊ ወንበርና የታሸገ ውሃ። አንተን ሊያረዱኝ የመጡ መሰለኝ። ሌላ ምን ይምሰለኝ? አንድ ልጅ ነው ያለኝ። የበሩን መቃን ይዤ «ልጄን! ልጄን!» እያልኩ ጮህኩ።

አቶ አድማሴ ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ የሟች እህት መስያቸው ነው መሰለኝ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ አይዞሽ። ልጁስ ከለንደን ገብቷል ወይ?» አሉኝ።

«የቱ ልጅ?»

«የፋንታዬ ልጅ ነዋ! ቀብሩስ መቼ ነው?»

«ፋንታዬ እኮ እኔ ነኝ!»

ከኋላ አንዷ እሪ ብላ የያዘችውን ወንበር ለቀቀችው። ወንበሩ በዚያ ቀጥ ባለው ደረጃ እየተንኳኳ እስከ ምድር ቤት ወረደ። አቶ አድማሴ አማተቡ። «በስመ አብ! ታዲያ የሞተው ማን ነው?»

ማንም እንዳልሞተ እስክንግባባ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ያንተ ደባል ሊባኖስ ለካ የአቶ አድማሴ የወንድም ልጅ ነው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተውከውን ደብዳቤ ያያል። ከእንግሊዝ ፍርድ ቤት የመጣ ነው፤ በእናትህ ሞት አዝነናል፣ ከተጠራህበት ግዴታ ነጻ አድርገንሃል ይላል። ልጁ ጨዋ ነው። ሐዘንህን ዋጥ አድርገህ ሥራ የምትሄድ መሰለውና አንተን ሳይጠይቅ ለአጎቱ ደወለ። እሳቸው ለእኔ ቢደውሉ ቁጥሩ አይሠራም። ጥቅምት ላይ ቀይሬው አዲሱን የሰጠሁት ለአንተ ብቻ ነበር። ጉልበቴን አሞኝ፣ ሃውስአርትሱም፣ የቤተሰብ ሐኪሜ፣ ደረጃ አታብዢ ብሎኝ፣ ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። እንግዲህ ምን ቀረ? እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ሞታለች ነበር የምለው።

ለልቅሶዬ ያመጡትን ውሃ ቁጭ ብለው ሲጠጡ ደወልኩልህ። በአምስተኛው ጥሪ አነሳህ። ስነግርህ ሳቅክ፣ ኤልናታን። ስቀህ ስትጨርስ ያልከኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ «ማም፣ ሄት ኢስ ማር ኤን ፎርሙሊር! ቅጽ እኮ ነው። አዲስ ሥራ ጀምሬ ሁለት ሳምንት ፍርድ ቤት ልቀመጥ? ታማለች ብላቸው የሐኪም ወረቀት ይጠይቁኛል። ሐዘን ለደረሰበት ሰው ግን ማስረጃ አምጣ አይሉም።»

ማስረጃ ስለማይጠይቁ ገደልከኝ! ሰው ሐዘንተኛን አምኖ ዝም ስላለ አንተ እሱን በር አድርገህ ወጣህበት። እኔ በሬ ላይ ልጄን፣ ልጄን እያልኩ ስጮህ አንተ አልጋህ ላይ ተኝተህ ነበር። በእናት ላይ እንዲህ ይሟረታል? በቁሜ ቀበርከኝ።

መጀመሪያ ደግሞ የደነገጥኩት በሞቴ ብቻ አልነበረም። ፍርድ ቤት ጠራው ሲሉኝ የከሰሱህ መሰለኝ። አቶ አድማሴም እንደዚያው መስሏቸው «ፍርድ ቤት ከሚጠራኝስ ሆስፒታል ይጥራኝ፤ ልጁ ብልህ ነው» ብለው ልቅሶ የመጣውን ሰው አሳቁት። ነገሩ የገባት ዕፀገነት ብቻ ናት፤ ከእኔ በላይ ክፍል ተከራይታ ሕግ የምትማረው ልጅ። ጫጫታውን ሰምታ ወርዳ ነበር።

«እትዬ ፋንታዬ፣ አይደንግጡ። ሊከሱት አይደለም፤ እሱ እንዲፈርድ ነው የጠሩት» አለችኝ።

«እሱ? ካልሲውን አጣምሮ የማያውቅ ልጅ በማን ላይ ነው የሚፈርደው?»

«አሥራ ሁለት ሰው በዕጣ ያወጣሉ። ሾፌርም ይሁን አስተማሪ ለውጥ የለውም። ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ይሰሙና ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ይላሉ። እዚህ ሆላንድ ዳኛው ብቻ ነው የሚፈርደው፤ እንግሊዞቹ ጋ ግን እንዲህ ነው።»

«አልመጣም የሚል የለም?»

«ሞልቷል እንጂ። ሥራ አለኝ፣ ልጅ አለኝ፣ መንገድ ልሄድ ነው። ምክንያት የሚያጣ ሰው የለም።»

አባቴ ትዝ አሉኝ። አያትህ አበጋዝ፣ ወደ ገበያ ሲወርዱ መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች «በሕግ አምላክ፣ ዳኘን!» ካሏቸው የጫኑትን አቁመው ሳይሰሙ አያልፉም ነበር። ሰዎቹን አያውቋቸውም። እናቴ «ገበያው ተፈታ እኮ!» ብላ ስትቆጣ «ቆሞ የሚሰማቸው ካጡ በዱላ ነው የሚነጋገሩት» ይሏት ነበር። የእሳቸው የልጅ ልጅ በክብር በደብዳቤ ቢጠራ እናቱን ገድሎ ቀረ። ጉድ በል ጎንደር!

ጉድና ጅራት ግን ከወደ ኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ስናወራ አንዲት ሴት ሳትቀመጥ በሩ አጠገብ ቆማለች። አበባይሽ ናት። ታስታውሳት እንደሆነ እንጃ፤ ስኬቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር ሆቴል ውስጥ አብረን ክፍል እናጸዳ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላም ብላኝ አታውቅም። ሰዉ ተነሥቶ ሲወጣ እሷም ወጣችና ደረጃው ላይ ዞር አለች።

«ሞታለች ሲሉኝ ይቅር ብዬሽ ነበር የመጣሁት» አለችኝ። «አሁን ቆመሽ ሳይሽ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

መልስ ሳትጠብቅ ወረደች። ከሞቴም ከሳቅህም ይልቅ ያደነዘዘኝ ይህ ነው።

አሁን የምነግርህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኩት። አንተ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመትህ ነው። አንድ ጠዋት በሠራተኞች ደረጃ አንሶላ ታቅፌ ስወርድ አለቃችን አበባይሽን ሲገፋት አየሁ። ሦስት ክፍል ጨምሪ ቢላት አልችልም ብላው ነበር። በሁለት እጁ ደረቷን ገፍቶ ነው የጣላት። የእጇ አንጓ ተሰበረ። እሱ ደረጃው እርጥብ ነበር፣ አዳልጧት ወደቀች አለ። ከሰሰችው፤ ፋንታዬ አይታለች ብላ ስሜን ሰጠች። እኔም መጥተሽ መስክሪ የሚል ደብዳቤ ከፍርድ ቤት ደረሰኝ።

ፈራሁ። የሥራ ውሌ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። ደግሞ እኔ ባደግኩበት ጊዜ መንግሥት በስሙ የጠራው ሰው ስንቅ ይዞ ነበር የሚሄደው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ለራሴ ተረትኩ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ወጥ ቤት አስቀምጬ በሆላንድኛ ደብዳቤ አስጻፍኩህ። «እናቴ በጠና ታማ አልጋ ላይ ናት፣ መምጣት አትችልም በል» አልኩህ። ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቀና ብለህ አየኸኝና «ግን አልታመምሽም እኮ» አልክ። «ዝም ብለህ ጻፍ፣ ወረቀት ነው» አልኩህ። ጻፍክ።

እንደገና አልጠሩኝም። ሌላ ያየ ሰው አልተገኘም፤ አበባይሽ ራሷ ወድቃ ነው ተብሎ ነገሩ ተዘጋ። እጇ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። የእኔ ውል ታደሰ። በዚያ ሥራ አሳደግኩህ፣ አስተማርኩህ፤ እውነት ነው። ግን ለካ ዝምታም ይነቅዛል።

ቅዳሜ አንተን ስረግም ዋልኩና ይህ ነገር ሲመጣብኝ እርግማኑ አፌ ላይ ቀረ። ያኔ ታመመች አስባልኩህ፣ ዛሬ ሞተች አልክ። መንገዱን ያሳየሁህ እኔው ነኝ።

ትናንት ጉልበቴን አስሬ ባቡር ያዝኩና ሮተርዳም አስቀደስኩ። ሰዉ ሁሉ ከሞት እንደተነሣሁ እያየ ሲስመኝ አፈርኩ። ከቅዳሴ በኋላ አበባይሽ ቤት ሄድኩ። የከፈተችልኝ ልጇ ዮሃና ናት። እናቷ ስትገፋ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆና የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች።

«ልመሰክርልሽ መጣሁ» አልኳት አበባይሽን።

«ለማን? ሰውየው ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ።»

«ለፈለግሽው ሰው።»

ልጇን ጠራቻት። «ለእሷ ንገሪልኝ። ካደገች ጀምሮ ማማ፣ ምናልባት አዳልጦሽ ይሆናል፣ ፍርድ ቤቱም እንደዚያ ብሏል ትለኛለች። እኔም አንዳንዴ አዳልጦኝ ይሆን እላለሁ።»

አልተቀመጥኩም። ቆሜ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ልጅቷ ዝም ብላ የምትሰማ አይደለችም፤ አንቺ እያለች ታቋርጠኛለች። የት ቆመሽ ነበር? መብራት ነበረ? ደረጃው እርጥብ ነበር? «ደረቅ ነበር» አልኳት። «ዌት የ ሄት ዜከር? እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። «እርግጠኛ ነኝ። ያን ቀን ደረጃውን የማጸዳው እኔ ነበርኩ፤ ገና አልወለወልኩትም ነበር።» «ታዲያ ለምን አልመጣሽም?» አለችኝ። «ፈርቼ። አልታመምኩም ነበር» አልኩ። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ዮሃና ተነሥታ የእናቷን ያቺን እጅ ያዘችና «ማማ፣ አልወደቅሽም» አለቻት።

አበባይሽ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ይቅር አለችኝ ብዬ አልዋሽህም፤ አላለችኝም። በሩ ድረስ ሸኝታኝ «ደህና ግቢ» ብቻ አለችኝ። እሱንም ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ነው የሰማሁት፤ ባቡር ውስጥ ስንሰቀሰቅ ሰው ሁሉ ሲያየኝ መጣሁ።

ልጄ፣ የእንግሊዝን ሕግ አላውቅም። እዚያ ቀርቦ የሚጠብቀው ሰው ሌባ ይሁን ንጹሕ አላውቅም። ግን ተገፍታ ወደቅሽ የተባለች ሴት ትኖራለች፤ ወይም ሳይገፋ ገፋህ ተብሎ የቆመ ሰው ይኖራል። ለሁለቱም ደረጃው ደረቅ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። አንተ ደግሞ መጠየቅ ታውቅ ነበር። ግን አልታመምሽም እኮ ያልከኝ አንተ ነህ። ዝም ያሰኘሁህ እኔ ነኝ።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ለፍርድ ቤቱ ጻፍላቸው። እናቴ አልሞተችም፣ ዋሽቼ ነው በላቸው። ቅጣት ካለው ተቀጣ፤ አለቃህም ከተቆጣ ይቆጣ። እንደገና ሲጠሩህ ሂድና ተቀምጠህ ስማ። ያኔ ቃሉን እየነገርኩህ ነው የጻፍከው፤ የአሁኑን አልነግርህም፣ በራስህ ቃል ጻፈው።

ለሊባኖስ ሰላም በልልኝ፤ አይቶኝ ሳያውቅ ለእኔ ማዘኑን አልረሳለትም። አትቆጣው።

አንድ የምናዘዘው ነገር ደግሞ ቀርቶኛል። ቅዳሜ አቶ አድማሴ ሲወጡ «ልጁ ግን ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ባለፈው ወር» አልኳቸው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖሃል።

እግዚአብሔር ጆሮህን ሰሚ፣ አንደበትህን እውነተኛ ያድርግልህ። እውነት ተናግረህ ከሚመጣብህ ጣጣ እሱ ያውጣህ። በፊትህ ለቆመ ሰው ልብ ይስጥህ፣ አንተም በቆምክበት ሁሉ የሚሰማህ አትጣ። አሜን።

እናትህ ፋንታዬ አበጋዝ፣
በሕይወት ያለሁት