የዓመቱ መምህር የጣለው ጽሑፍ

ለልጄ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንዴት ሆነልህ? ቅዳሜ ወደ መድረኩ ስትወጣ ሳታነክስ ስላየሁህ ደህና እንደሆንክ እገምታለሁ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ንዴቴ ግን እስካሁን አልበረደልኝም። ደውዬ ብጮህብህ ደስ ባለኝ ነበር፤ ስጮህ ስልኩን እንደምትዘጋው ስለማውቅ ይኸው ወረቀት አነሳሁ።

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። የግዛታችን የተግባቦት መምህራን ማኅበር «የዓመቱ መምህር» ብሎ ሲሸልምህ ከልቤ አጨብጭቤያለሁ። ይገባሃል። ስንቱን ዓይን አፋር የገበሬ ልጅ ሰው ፊት ቆሞ መናገር አስተምረሃል። ተማሪዎችህ የጻፉልህን የድጋፍ ደብዳቤዎች ሁለት ሁለቴ ነው ያነበብኳቸው። ታዲያ ሽልማቱን ተቀብለህ፣ አመስግነህ፣ ወርደህ ዶሮህን ብትበላ ምን ነበረበት?

አንተ ግን ማይክሮፎን ይዘህ ማቆም መቼ ታውቃለህ! «ዘንድሮ የተማሪዎቹን ውድድር ስዳኝ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ» ብለህ ጀመርክ። «ባልና ሚስት እራት ላይ በውሻቸው በኩል ነው የሚነጋገሩት ይለናል! ጎበዝ፣ ኔብራስካ ውስጥ እንዲህ ያለ የተማረ ውሻ ካለ፣ አሁኑኑ የማኅበሩ አባል እናድርገው እንጂ!» አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

የተማሪ ጽሑፍ ለዳኛ የሚላከው የጸሐፊው ስም ተፍቆ ነው። ደንቡን ካረቀቁት አንዱ አንተ ነህ። ያልተሸለመ ጽሑፍ የማን እንደነበር ደግሞ ውድድሩ ካለቀም በኋላ ለዳኛው አይነገርም። ስለዚህ እኔም ስም አልነግርህም፤ የሽልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኜ ደንብ አልጥስም። ግን ዘንድሮ የተማሪዎቹን ዘርፍ ለማርሊስ ለቅቄ የወጣሁት ለምን ይመስልሃል? ደንቡ «ዘመዱ የሚወዳደር ሰው ይውጣ» ስለሚል ነው። ማርሊስ ደግሞ አምና የተቀጠረች አዲስ መምህርት ናት፤ እኔና አንተ ተጋብተን እንደነበርም፣ እንደተፋታንም የነገራት የለም። ጽሑፉን አንስታ ላንተ ላከችው።

ሌሎቹ ዳኞች አንደኛ ይውጣ ብለው ነበር። ያንተ ነጥብ ጎትቶ ጣለውና ሽልማቱ ስለ በቆሎ ዘር ማስታወቂያ ለጻፈ ልጅ ሄደ። አስተያየትህ ለጸሐፊዋ ደርሷታል፤ ለእኔም አንብባልኛለች። «እጅግ የተጋነነ ነው። ጤነኛ ሰው ከሚስቱ ጋር በውሻ በኩል አያወራም» ይላል። ጤነኛ ሰው! አንተ ሰውዬ፣ አሁን እኔ ምን ልበልህ?

ለመሆኑ አንብበኸዋል ወይስ ገለጥ ገለጥ አድርገህ አለፍከው? «ብስኩት፣ ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ፣ ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው» ትላለች ሚስትየው። «ብስኩት፣ ለሴትዮዋ ንገራት፣ ድንች አላማረኝም» ይላል ባልየው። ውሻውን ሆና የምትመልሰው መሀላቸው የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ናት፤ ድምጿን አወፍራ፣ ያልተባለውን ሁሉ እያሳመረች። «አመሰግናለሁ፣ በጣም ይጣፍጣል ብሏል» ትላለች። ላንተ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የታየህ፣ አስተያየትህ መጨረሻ ላይ እንደጻፍከው፣ የግርጌ ማስታወሻው መዛባቱ ብቻ! የውሻ ስም ስለተቀየረ የገዛ ወጥ ቤቱ የሚጠፋበት ሰው ከየት ይመጣል? ውሻችን ሃንክ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ እንኳ ቢሆን ባወቀው ነበር።

ጸሐፊዋ ቅዳሜ ከኋላ ካሉት ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ ነበረች። ሁሉም ሲስቅ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን ቀስ ብላ ገፍታ ወጣች፤ መኪና ማቆሚያው ጋ ደረስኩባት። አላለቀሰችም። «እውነቱን ጽፌ ውሸት ከተባልኩ፣ ምን ልማር ነው የምሄደው?» አለችኝ። አይዋ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተቀብሏታል፤ እስከ ሰኞ መልስ ትሰጣለች፤ አልመጣም ብላ ልትጽፍላቸው ነው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ወይ ፍንክች። እኔ ጽሑፉ እውነት ነው ብላት ምን ይረባል? እኔ መቼ ካድኩ? እውነት ነው ማለት ያለበት የካደው ሰው ነው።

ጽሑፉን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው። ስታበቃ ስልክህን አንሳ፤ ቁጥሯን ታውቀዋለህ። ለእኔ ደውለህ «ንገሪያት» እንዳትለኝ፣ በጭራሽ አልነግርልህም። ይቅርታ ማለት ከከበደህም ይቅር፤ ያ ድንች ቀዝቅዞ እንደነበር ብቻ ንገራት።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ልብህንም ያለስልስልህ። ሽልማቱም ግድግዳህ ላይ ይመርልህ። እንደ ወጉ «ልጃችን ሰላም ብላሃለች» ብዬ ልዘጋ ነበር። አላለችህም።

የልጅህ እናት