የእትዬ ያምና ቅርጫት

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ጉም። እስከ ረፋድ ባሕሩ ራሱ አልታየም፤ የጀልባዎቹ ሞተር ብቻ ይሰማል። ከሃያ ሁለቱ አሥራ ዘጠኙ ወጥተው ገቡ።

እንደ ሁልጊዜው በአራት ሰዓት ወረድኩ። ራይስ በላይድ ሻይ ቀድቶ ጠበቀኝ። ከጀልባ አዛዦቹ፣ ከራይሶቹ ሁሉ ሽማግሌው ነውና ሻዩን ሳይጠጡ ሥራ መጀመር የለም፤ ስኳሩ ያው ጥርስ የሚያረግፍ ነው። "ጠጪ፣ ቅርጫትሽ ጥላ ሥር ነው" አለኝ። እርጥብ ጆንያ ለብሶ ተቀምጦልኛል። አርባ ባለ ስምንት ክንድ ኦክቶፐስ መዘንኩ። አማካይ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ካለፈው ሳምንት ጋር እኩል፣ ከአምናም ጋር እኩል። ምን የተባረከ ባሕር ነው...

ዶክተር ሹዓይብ ከከተማው የዓሣ ሀብት ቢሮ ደወለ። የብርዱ ወቅት የማጥመድ ኮታ መስከረም ላይ ይወሰናል፤ ከባሕር ዳርቻው ሁሉ የተረጋጋው ያንቺ ቁጥር ነው አለ። አለቃ ሲያመሰግን ደስ ይላል፤ ምን እዋሻለሁ። ወንድሜ ቢሂ ሲሰማ ደግሞ ከኔ ባሰ። ሦስት ዓመት ሰሜን ወደብ በሰው መርከብ ላይ ሲለፋ ኖሮ ጓዙን ጠቅልሎ የገባው አምና ነው። ኮታው ካልቀነሰ በራሱ ጀልባ፣ በራሱ ቤት ይከርማል። "ከእንግዲህ ከዚህ የሚወጣው ሬሳዬ ነው" አለ። ሚስቱ ሩቅያ "አፍህን!" አለችው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

ከሰዓት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ስላለኝ በጠዋት በአንድ ሰዓት ወረድኩ። ባልወረድኩ...

ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ፣ ሕማድ፣ የያዘውን ሲሚንቶው ላይ ዘርግፎ ቁጢጥ ብሎ ይለያል። ትልልቁን እያነሳ ለብቻ በተቀመጠ ቅርጫት ውስጥ ይጨምራል። ቀና ብሎ ሲያየኝ አልደነገጠም፤ እንዲያውም ሳቀ። "እንዴ እትዬ፣ ዛሬስ ማለዳ! ቅርጫትሽ ገና አልሞላም እኮ።" ሌሎቹን ቅርጫቶች አየሁ። አብዛኛው መዳፌን አያክልም።

ራይስ በላይድ ጋ ሄድኩ።

"አጎቴ፣ የምመዝነውን እየመረጣችሁ ነው እንዴ የምታስቀምጡልኝ?"

"ታዲያስ?"

"ሁልጊዜ?"

"የራይስ ሙሳን ልጅ ውዳቂ ልናስመዝናት ኖሯል? ምን በደልሽንና?"

ሊያታልለኝ አይደለም። አክብሮኝ ነው። ይሄ ነው አንጀቴን ያራሰውም የቆረጠውም።

የቢሮው ትእዛዝ ግልጽ ነበር፦ ሳትመርጪ፣ ከወረደው ውስጥ አንዱን ቅርጫት አንሺ። ግን እዚህ ባለቤቱ ሳይሰጥ የሰው ቅርጫት ውስጥ እጅ አይገባም። ከቤቱ ሰተት ብሎ እንደመግባት ነው። አባቴ ቢያየኝ እጄን ይቆርጠው ነበር። ስለዚህ የሰጡኝን ተቀበልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይ እየጠጣሁ የሰጡኝን መዘንኩ።

ጥርስ ሐኪሙን ረሳሁት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

የድሮ ደብተሮቼን አወጣሁ። ስድስቱንም ዓመት። አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ፣ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ሰማንያ፣ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሃያ... ባሕር እንዲህ ነው እንዴ? አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ይነሳል። የኔ ባሕር ግን እንደ ፋብሪካ ሳሙና አንድ ዓይነት ያመርታል። እንዴት አልነቃሁም? ሲያመሰግኑኝ ጊዜ ነው። ሰው ሲመሰገን ይደነቁራል።

ኮታው የቆመው በዚህ ላይ ነው። በኔ ብቻ ባይሆንም... በኔም ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

"ዛሬ እኔ ራሴ ላንሳ" አልኩ። ሻዩን አስቀምጬ የሕማድን ሦስተኛ ቅርጫት ሳብኩና እጄን ከተትኩ። የሁሉም ዓይን እጄ ላይ ነበር። ፊቴ ጋለ። በአርባ ሦስት ዓመቴ እንደ ሌባ ቆምኩ።

አማካይ ስምንት መቶ ሰማንያ ግራም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 25

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲያው ነው። ዘጠኝ መቶ ደርሶ አያውቅም። እንቁላል ሳይጥል እያወጣነው ነው ማለት ነው።

ቢሂ ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። የገብስ ዳቦ አቀረብኩ፤ ቆርሶ ሳይበላ ያዘው።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልጽፍ ነዋ።"

"የዛሬውን ጻፊ። ያለፈውን ተይው። ማን ጠየቀሽ?"

"ያለፈው ቢቀር የዘንድሮው ክፉ ዓመት ይመስላል። ክፉ ዓመት ደግሞ ያልፋል ብለው ኮታውን አይነኩትም። ክፉ ዓመት አይደለም ቢሂ፤ መቼ እንደጀመረም አናውቅም።"

"ኮታውን ከቀነሱ ሰባት ስምንት ጀልባ እንዳይወጣ ያስራሉ።"

"አውቃለሁ።"

"የኔ ሊሆን ይችላል።"

"አውቃለሁ አልኩህ እኮ።"

"አንቺ ልጅ... አባታችን ቢኖር ምን ይልሽ ነበር?"

እኔ እንጃ። አባታችን ባሕሩን ይወድ ነበር፣ ቢሂንም ይወድ ነበር። የቱን ያስቀድም እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ዳቦውን ሳይበላው ሄደ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 30

ለዶክተር ሹዓይብ ደብዳቤ ጻፍኩ። አራቴ ቀደድኩ። በመጀመሪያው ላይ ይቅርታ በዛ፤ በሁለተኛው ላይ የዓሣ አጥማጆቹ ጥፋት በዛ። የመጨረሻው አጭር ነው፦ የስድስት ዓመቱ መዝገብ ከተመረጠ ቅርጫት የተመዘነ ነው፤ ጥፋቱ የመዛኟ ነው፤ ለኮታው አትጠቀሙበት። ፈረምኩ። ላክሁ።

ሥራዬን ሊወስዱት ይችላሉ። ከላክሁት በኋላ ትዝ ማለቱ ነው የሚያስቀው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5

መልስ የለም፤ ወሬው ግን መንደር ደርሷል። ሻይም የለም። ራይስ በላይድ ጀርባውን ሰጥቶኝ ገመድ ይቋጥራል። ሄጄ ሰላም አልኩት።

"ስድስት ዓመት አከበርንሽ፤ አታላይ ብለሽ ለመንግሥት ጻፍሽብን" አለ።

"ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ አጎቴ።"

"ያው ነው። ሰው የሚሰማው አንድ ነው።"

ከሌላ ሰው ቢሆን ባልከፋኝ። እሱ ነው አባቴን ከባሕር ያወጣው፤ እሱ ነው የቀበረው። ቤት ገብቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ቢሆንም ቁጥሩ ያው ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 21

ጉም። ሰባት መቶ አርባ ግራም። ከማንም ጋር አላወራሁም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 9

ከተማ ነበርኩ። ስብሰባው። ረጅም ጠረጴዛ፤ በአንድ ወገን የቢሮ ሰዎች፣ በሌላው ወገን ጀልባ ያላቸው። ቢሂም አለ፤ ከመጨረሻው ወንበር ላይ፣ የሠርግ ሸሚዙን ለብሶ።

ዶክተር ሹዓይብ አላባረረኝም። "ተነስተሽ አንቺው ንገሪያቸው" አለኝ። ከዚያ ብባረር ይሻለኝ ነበር። ተነሳሁ። ስለ ቅርጫቱ ነገርኳቸው። ከአንዱ ጥግ አንድ ሰው "ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይ ስትጠጣ ኖራ ዛሬ ነቃች!" አለ። ሳቁ። እውነቱን ነው፤ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

ውሳኔው፦ ባሕሩ እስከ ጥር መጨረሻ ይዘጋል። ከወትሮው ሁለት ወር ተጨመረ ማለት ነው። ኮታው በሲሶ ይቀንሳል። ከአንድ ኪሎ በታች የሆነ ወደ ባሕር ይመለሳል። ከኛ መንደር ከሃያ ሁለቱ ጀልባ ሰባቱ በዕጣ ይታሰራሉ።

አውቶቡስ ውስጥ ቢሂ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። አራት ሰዓት ሙሉ ማጅራቱን ሳይ መጣሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 8

ዕጣው ወጣ። አምስተኛው የቢሂ ነው። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ጀልባውን ወደ አሸዋው ሲስቡ እኔም ልገፋ ጠጋ አልኩ። "ተይው፣ ይከብድሻል" አለ። በደህናው ጊዜ ቢሆን "ነይ ግፊ፣ ምን ትገተሪያለሽ" ይለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

ወደ ሰሜን ሄደ፣ ወደ ሰርዲን መርከቦቹ። ሩቅያ እርጉዝ ሆዷን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ቀረች። በማሰሮ የተፈጨ ለውዝ ከአርጋን ዛፍ ዘይት ጋር ሰጠሁት፤ ተቀበለ። "ሥራሽን ሠራሽ፤ እኔም ሥራዬን ልሥራ" አለኝ። አልሳመኝም።

ልክ ነኝ ብዬ አምናለሁ። ልክ መሆን እንዲህ ሆድ ያስብሳል እንዴ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ባሕሩ ዝግ። ሰዉ የኦክቶፐስ ማጥመጃ ማሰሮውን ያጥባል፣ ግድግዳ ይለስናል፣ ይጨቃጨቃል። እኔም ቤቴን ኖራ ቀባሁ። ሩቅያ ጋ በየቀኑ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ፊቷን ታዞር ነበር፤ አሁን "ሽንኩርት ክተፊ" ትለኛለች። ይሄም ትንሽ አይደለም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 9

ራይስ በላይድ ቤቴ መጣ! ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። በዱላው መሬቱን እየቆረቆረ ተቀመጠ።

"እኔም አይቼ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"ማነሱን። አራት ዓመት ይሆነዋል። ሌሎቹ ስላከበሩሽ ነው የመረጡልሽ። እኔ ግን... አፍሬ ነው። እንግዳ መጥቶ ጓዳው ባዶ ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል? ያለውን ከላይ ያስቀምጣል። አንቺ ከታች እንዳታዪ ፈራሁ። ካየሽው እውነት ይሆናል ብዬ።"

ሰባ አራት ዓመቱ ነው። "እኔም ማየት አልፈለግኩም አጎቴ" አልኩት። ይሄን ለራሴ እንኳ ብዬው አላውቅም ነበር። ሲሄድ እጁን ሳምኩ፤ እሱም ራሴን ሳመኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 2

ባሕሩ ትናንት ተከፈተ። አሥራ አምስት ጀልባ ወጣ። ዛሬ በአንድ ሰዓት ወረድኩ፤ ከአራት የተለያዩ ጀልባዎች፣ ካገኘሁት ቅርጫት፣ ትንንሹ ተለይቶ ወደ ባሕር ሳይመለስ፣ መዘንኩ። አንድ ኪሎ ከሰባ ግራም። ተአምር አይደለም። ዶክተር ሹዓይብ "ገና በአንድ ቀን አትፈንድቂ" አለኝ። አልፈነደቅኩም። ትንሽ ብቻ።

ምሳ ላይ ስልክ ጮኸ። ቢሂ። ከሄደ አራት ወር ሊሞላው ነው፤ ለሩቅያ እንጂ ለኔ ደውሎ አያውቅም።

"ደህና ነሽ?"

"ደህና። አንተስ?"

"ደህና። ብርዱ ያው ነው።" ሊዘጋው ነው ስል ቀጠለ። "ስሚ... ትናንት እዚህ ሰርዲን የሚለካ ሰው መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ትሑት ሰውዬ። ልጆቹ ትልልቁን መርጠው ሣጥን ሞሉለት። አመስግኖ ሊለካ ሲል ገለበጥኩበት።"

"ምኑን?"

"ሣጥኑን ነዋ። ከመርከቡ ሆድ ራስህ አውጣ አልኩት። አወጣ። ጣት የሚያክል፣ ሁሉም። አሁን እዚህ የሚያናግረኝ የለም። ሻይ እንኳ ለብቻዬ ነው የማፈላው።"

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

"ያምና?"

"አለሁ።"

"አንድ ቀን ነው የሆነኝ፤ አንገቴ ላይ ደርሷል። አንቺ ይሄን ያህል ወር እንዴት ቻልሽው?"

"አልቻልኩትም" አልኩት።