የእናቴ ሲንክ ለማዘጋጃ ቤቱ ያስከተለው ስጋት

ለተከበሩ የዋትልክሪክ ማዘጋጃ ቤት የፕላንና የግንባታ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣
ሜልቦርን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በሥርዎ ያሉት ባለሙያዎች፣ ይህን የሜልቦርን ብርድ እንዴት ይዛችሁታል? እኔና ባለቤቴ መሰረት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆነችው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር አስቀድማ የምትጠይቀኝ የእርስዎን ጤንነት ነው። ፈቃዱ ላይ እስኪፈርሙ ድረስ ጉንፋን እንኳ እንዳይነካዎት አጥብቃ ትጸልያለች፤ ከፈረሙ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን የነገረችኝ የለም።

እኔን በአካል አያውቁኝም፤ ቤታችንን ግን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የጣራውን ቁልቁለት፣ የአጥሩን ቁመትና ከጎረቤት ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ጽፈው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ስሜ ወንድማገኘሁ ነው፤ አገር ቤት የአማርኛ መምህር ነበርኩ፣ እዚህ ደግሞ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። እናቴ ወለተሥላሴ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። በፋሲካ ሰሞን የመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያለችው ደረጃ አደናቅፋት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምናውን በሚገባ ከፈጸመ በኋላ፣ ወደ ቤት የምትመለሰው ደረጃ የሌለው መኝታ ቤትና ዊልቸር የሚያስገባ መታጠቢያ ሲኖራት ብቻ እንደሆነ ነገረን፤ እስከዚያው ኤጅድ ኬር የሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ገባች። እኛም ከቤታችን ጀርባ አንዲት ክፍል ልንቀጥልላት አሰብን። ማሰባችን ጥፋት መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅንም።

እንግዲህ ቅሬታ እንዳይሉብኝ እንጂ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መንገዳችን ውበት። መንገዳችን “የአካባቢው መልክ” በሕግ የሚጠበቅበት መንገድ መሆኑን ከደብዳቤዎ ስረዳ፣ ይህን ያህል ዘመን በውበት መካከል ሳላውቀው በመኖሬ አፈርኩ። ወጥቼም በአዲስ ዓይን አየሁት። ከፊት ለፊታችን ጎማ የሌለው መኪና በጡብ ላይ ቆሟል፤ ከጎናችን ባለው ቤት በር ላይ የተጣለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሣር በቅሎበታል። ለካ መልክ ማለት ይህ ኖሯል። የእኛ ክፍል ከጀርባ ስለሆነች ከመንገድ ለሚያልፍ ሰው አትታይም፤ ሆኖም መስኮቷ ከአካባቢው ስልት ጋር አይሄድም ተብሎ ፕላኑ ተመለሰ። ፕላኑን የሠራልን ናኦድ፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ መስኮቱን ደጋግሞ አጠበበ፣ ደጋግሞም ከፍ አደረገው፤ በመጨረሻ የተስማሙበት መስኮት እናቴ ተቀምጣ ሰማይ ብቻ የምታይበት ሆነ። የጸሎት ሰው ስለሆነች ሰማዩ ይበቃታል ብላችሁ አስባችሁላት ከሆነ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ማስታወቂያው። ተቃውሞ ያለው ጎረቤት እንዲያቀርብ በሚል አንድ ትልቅ ወረቀት አጥራችን ላይ እንድንለጥፍ አዘዙን፤ ለጠፍን። በዚያው ሰሞን ናኦድ የገዛነውን እንጨት ዝናብ እንዳይመታው ግቢው ውስጥ ሰማያዊ ሸራ ወጥሮ ነበር። እርስዎ እንዲያውቁት አይጠበቅም፤ በእኛ ዘንድ ግን ሰው በታመመበት ቤት ደጃፍ ወረቀት ተለጥፎ፣ ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ ከታየ፣ ጠጋ ብሎ ወረቀቱን የሚያነብ የለም። ጋሼ ካሣዬ ከሰንሻይን ዌስት ወደ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ በእኛ መንገድ አልፈው ኖሮ ከመኪናቸው ሳይወርዱ አዩ፣ ከመኪናቸው ሳይወርዱም ለሰው ሁሉ ደወሉ። ሳይመሽ ነጠላውን ያዘቀዘቀ፣ ውሃ በካርቶን የተሸከመ፣ ከፖይንት ኩክ ድረስ ወጥ በድስት ይዞ የመጣ ሰው ቤታችንን ሞላው። አንዲት ሴት ገና በሩ ላይ ስትጮህ መሰረትም ምን እንደተፈጠረ ሳታውቅ አብራ ጮኸች። የእናቴን መሞት ሰው ከእኛ ቀድሞ የሰማ መስሎን ነበርና ኤጅድ ኬሩ ጋ እስክደውል ድረስ የያዝኩትን የጨበጥኩትን አላውቅም ነበር። ስልኩን ያነሳችው እናቴ ራሷ ናት። ነገሩን ሳስረዳት እስኪበቃት ከሳቀች በኋላ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ የቀሩትን እስካሁን አኩርፋቸዋለች። በሕይወት እያሉ የራስን ለቅሶ መስማት ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ዕድል ስለሆነ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይህን አገልግሎት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስለሰጠን እናመሰግናለን። ተቃውሞ ያቀረበ ጎረቤት ግን አልነበረም።

ሦስተኛ፤ ስለ ሲንኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ታግሠው እንዲያነቡኝ እለምናለሁ። በእኛ እምነት በጾም ወራት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። እንደ እናቴ ያሉ ጠንቃቆች ደግሞ ሥጋ የተሠራበትን ድስት ለጾም አያውሉትም፤ ድስቱም፣ ማማሰያውም፣ ሳህኑም፣ ዕቃው የሚታጠብበትም ቦታ የተለየ ነው። ስለዚህ ናኦድ ፕላኑ ላይ በእናቴ ክፍል ጥግ አንዲት ትንሽ ሲንክና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ የምትችል መደርደሪያ አከለ። ባለሙያዎ ወይዘሪት ኬሊ ቤቱን ሊያዩ መጥተው ሁለተኛ ሲንክ ለምን እንዳስፈለገ ሲጠይቁን፣ እኛም እውነቱን ተናገርን፤ ትንሽ ኩራትም ነበረበት። እናቴ ከእኛ ድስት በልታ እንደማታውቅ፣ የእሷንም ዕቃ ማንም እንደማይነካባት፣ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጄ ትንሳኤ አሳምራ አስረዳችልን። ወይዘሪት ኬሊ በተመስጦ አዳመጡ፤ ሁሉንም ጻፉ። መሰረት እንዲያውም ሴትዮዋ መጾም ሊጀምሩ ነው መሰለኝ ብላኝ ነበር።

ውሳኔው ሲመጣ እንዲህ ይላል። አዛውንቷ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ የማይጋሩ፣ የራሳቸው ማብሰያ፣ ማጠቢያና መጸዳጃ ያላቸው፣ ራሳቸውን የቻሉ ነዋሪ ስለሆኑ ክፍሏ የቤቱ ተቀጥላ ሳትሆን ሁለተኛ መኖሪያ ቤት ናት፤ በዚህ ቦታ ደግሞ ሁለተኛ መኖሪያ ቤት አይፈቀድም።

ክቡር ሆይ፣ እናቴ ራሷን የቻለች ስለመሆኗ ከእርስዎ ቢሮ በቀር የመሰከረላት የለም። ከአልጋ የሚያነሷት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ካልሲዋን የምታደርግላት ነርስ ናት። ከእኛ ጋር ማዕድ አትጋራም መባሉ ግን አንጀቴን ቆረጠው። እኔን አጉርሳ ያሳደገች ሴት ናት። ዛሬም በጾም ጊዜ ከድስቷ እያወጣች ለሁላችን የምታቀርበው እሷ ናት፤ የእኛ ድስት ወደ እሷ አይሄድም እንጂ የእሷ ወደ እኛ ይመጣል። ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ እኛም መናገር እንደሚያስፈልግ አልታየንም። ለዚህ ዓይነቱ ችግር ዲሽዋሸር የሚባለውን የዕቃ ማጠቢያ ማሽን እንድንገዛ በደብዳቤዎ ግርጌ የሰጡንን ምክር ግን በደስታ ተቀብለን ለንስሐ አባታችን ለአባ ራጉኤል አሳይተናቸዋል። እሳቸውም ማሽኑ ቅቤውን ከነኃጢአቱ የሚያስለቅቀው በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሆነ ጠይቀው መልስዎን እየጠበቁ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ውሻው። ቢሮዎ ስደውል ሙዚቃውን በቃሌ እስካጠናው ድረስ ካስጠበቁኝ በኋላ፣ አንድ ቅን ሠራተኛዎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መፍትሔ ነገሩኝ፤ ምድጃውን ትተን ሲንኩን የውሻ ማጠቢያ ብለን ብናስገባው ምንም ችግር የለውም፤ ውሻ ሁለተኛ ቤተሰብ ተብሎ አይቆጠርም። ውሻ እንደሌለን ስነግራቸው ወደፊት ሊኖራችሁ ይችላል አሉኝ። ይህን ለእናቴ ባደርስላት፣ በሐሰት በተሠራ ዕቃ የጾም ሳህኔን አላጥብም ብላ ተቆጣችኝ። ለሠራተኛዎ ቅንነት ግን ከልብ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ነገሩን ሊያቀልልን የሞከሩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

የሚቀጥለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ምስጋናም የለበትም።

ኤጅድ ኬሩ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች ደጎች ናቸው። ጾመኛ መሆኗን ስንነግራቸው ቬጀቴሪያን ብለው መዘገቧት፤ ከዚያ ወዲህ አይብ የተነሰነሰበት ምግብ ያቀርቡላታል፣ እሷም አመስግና ትመልሰዋለች፣ ዳቦ በሻይ በልታ ትውላለች። መሰረት ከቤት የምትወስድላትን ምግብ ማሞቅ የሚቻለው የሁሉም ሰው ምግብ በሚሞቅበት ማይክሮዌቭ ስለሆነ ቀዝቃዛውን ነው የምትበላው። ከስታለች። በቀደም ዕለት የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ ጠፍቶ አንሶላዋ ውስጥ ስንፈልገው ዋልን። ውሳኔዎን ሳነብላት ሲንኩ ይቅር አለችኝ። አውጡትና ቤቴ ልግባ፣ ከእናንተው ድስት እበላለሁ፣ እግዚአብሔርም ያለሁበትን ያያል አለችኝ፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይህች ሴት ሱዳን መጠለያ ጣቢያ ሳለን የነበረችንን አንዲት ጣሳ የጾም ናት ብላ የለየች ናት። እኛ ልጆቿ በክዳኑ ስንበላ ጣሳዋን ግን አላስነካችንም። እስርም፣ ስደትም፣ ረኃብም ያላስጣላትን ነገር እርስዎ በአንድ ገጽ ደብዳቤ አስጣሏት። ተናድጃለሁ። በትሕትና ብጽፈውም ተናድጃለሁ።

እሷ እንዳለችው ሲንኩን አውጥተን ፕላኑን መልሰን ብናስገባ ደግሞ፣ ለውጥ ስለተደረገበት እንደ አዲስ ማመልከቻ ተቆጥሮ ከወረፋው መጨረሻ እንደሚገባ ተነገረን። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያውን ፕላን ከነሲንኩ አውጥተው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ሕግ አስከባሪ ብቻ ሳይሆን እንደ አንድ እናት ልጅም ሆነው ይመልከቱልን።

ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ ማስመሪያዎም ሳይጎብጥ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ፣ የሚሠሩት ቤት ሁሉ ከማዘጋጃ ቤት እንዲሰወርልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በእርስዎ ውሳኔ ሳያስበው የሁለት ቤት አባወራ የሆነው አክባሪዎ፣
ወንድማገኘሁ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳልልከው ነገሩ ተለወጠ። ፍልሰታ ነገ ይገባልና እናቴን ወደ ቤት አመጣናት። ከሳሎን ሶፋውን አውጥተን አልጋ ዘርግተንላታል፤ ወደ መታጠቢያ ቤት የምናስገባት እኔና መሰረት ተጋግዘን ነው። ድስቷንም መልሰንላታል፤ ዕቃዋ የሚታጠበው በሳፋ ነው። ሳፋው ከየትኛውም ቧንቧ ጋር አልተገናኘም፤ ሆኖም ሁለተኛ መኖሪያ ቤት ሆኖ ከታየዎት መጥተው ይለኩት። ሲመጡ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቢሆን ደስ ይለናል፤ በእናንተ አቆጣጠር ከቀኑ ሦስት ሰዓት በኋላ ማለቴ ነው። እናቴ እህል የምትቀምሰው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ሳታበላ አትሸኝዎትም፤ የሚቀርብልዎትም ከእሷ ድስት ነው። ከዚያ ድስት አንዴ ከጎረሱ ግን በራስዎ ውሳኔ መሠረት የእናቴ ቤተሰብ ሆኑ ማለት ነውና፣ እናትዎን የት እንደሚያስተኟት ያን ጊዜ እርስዎ ይነግሩናል።