የጨረቃ ዙር ስንት ቀን ነው?

ነሐሴ 4

ዝናቡ ሲያባራ ፍኖተ ሰላም ደርሼ መጣሁ። መንገዱ ጭቃ በጭቃ። ቲቸር ሲሳይነሽ የፊዚክሱን የመጨረሻ ክፍል አስረዳችኝ። ጨረቃ ለምን አትወድቅም? ብዬ ብጠይቃት፣ "ማን አትወድቅም አለሽ?" አለችኝ። "ሁልጊዜ እየወደቀች ነው። ግን ወደ ጎንም ስለምትበር ምድርን ትስታታለች።" ወይ ጉድ!

ፈተናው የዛሬ ሳምንት ነው፣ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤቱ። ካለፍኩ እዚያ እገባለሁ። ካላለፍኩ ጥር ላይ ተድሬ ቡሬ፣ ዘመኑ ቤት። አባ ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥተዋል… "ካለፈች ትማር፣ ካላለፈች የእናንተ ናት።" እኔን ማን ጠየቀኝ? ዘመኑ ክፉ ልጅ አይደለም ይሉኛል። ክፉ ባይሆን እኔ ምን አገባኝ!

ነሐሴ 7

አባ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሳጠና አገኙኝ። "ዛሬስ ምን ይላል መጽሐፍሽ?"

"ምድር ፀሐይን ትዞራለች ይላል፣ አባ።"

"እንግዲህ ጾም ላይ ራሴን አታዙሪብኝ!" ብለው ሳቁ። ግን አልተቆጡም። ባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን ቆጠራውን፣ ሲያስተምሩ አጠገባቸው ሆኜ ነው ያደግኩት። ከተማሪዎቻቸው በፊት እኔ ነበርኩ የጨረቃን ቀን በጣቴ የምቆጥረው።

ነሐሴ 11

ተፈተንኩ። ስሌቱ ከበደኝ፣ የፍጥነት ለውጡ ላይ ተንገዳገድኩ። ግን የጨረቃዋ መጣች! "ጨረቃ በምድር ዙሪያ አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ ስንት ቀን ይፈጅባታል?" ሳቄ አመለጠኝ፣ ፈታኙ ገላመጠኝ። የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጅ ይህን ልትስት? የጨረቃ ወር አንዱ ሠላሳ፣ ቀጣዩ ሃያ ዘጠኝ። ስለዚህ ሃያ ዘጠኝ ተኩል። ምርጫው ውስጥ አለች። ከበብኳት።

ነሐሴ 12

ሃያ ሰባት።

መልሱ ሃያ ሰባት ቀን ከምናምን ነው። ቲቸር ስትነግረኝ የቀለደች መስሎኝ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ተኩሉ ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ ነው አለች፣ ዙሩ ግን ቀድሞ ያልቃል… አሁን ነው የምትነግሪኝ? አልኳት በሆዴ። ምን አጠፋች እሷ?

ነሐሴ 24

ወደቅኩ። በአንድ ጥያቄ።

ቲቸር ሲሳይነሽ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዳ ለመነችልኝ። "አንድ ብቻ ጨምራ አግኝታ ቢሆን" አሏት። ወረቀቴንም አሳዩዋት።

ምነው ያን ቀን በታመምኩ! ሌላውን ብስት አይቆጨኝም። የማውቀውን! ጨረቃስ ወደ ጎን ትሮጣለች። እኔ በየት በኩል ልሩጥ?

ነሐሴ 27

አልበላም ብያለሁ። እማ ለጥር ጌሾ ገዝታ መጣች። እያለቀሰች ነው ያሰጣችው።

ጳጉሜን 2

ዛሬ አባ ጠየቁኝ። "በምን ወደቅሽ?"

ያልሰማሁ መሰልኩ። ደግመው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከእርስዎ የተማርኩትን መለስኩ፣ አባ። ሃያ ዘጠኝ ተኩል አልኩ።

"ታዲያ ልክ ነው!"

"ለአዲስ ጨረቃ ልክ ነው። ለዙሩ ግን አይደለም።"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ምን አፌን ከፈተው? እሳቸውን አሳዝኜ ምን አገኘሁ? እንዲያው ብሞት ይሻላል አልኩ፣ ደግሞ እግዜርን ፈራሁት።

መስከረም 5

የዘመኑ ሽማግሌዎች ቀን ሊቆርጡ መጡ። ጓዳ ሆኜ ሰማሁ።

አባ ቆመው ተናገሩ። "እኔ ባስተማርኳት ወደቀች። እኔው አስቼ እኔው ልዳራት?"

"መሪጌታ፣ ቃልስ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ቃሌን በላሁ። ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን።"

ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። አባ… ሰው በቃላቸው የሚምልባቸው አባ! እማ ጓዳ ውስጥ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ።

መስከረም 9

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሁለት ሰው አባን ሳይሳለም አለፈ። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ አይቀበለኝም። ለከርሞ እንደገና መፈተን ነው፣ ደግሞ ብወድቅስ?

ከሰዓት አባ ግቢ ውስጥ ዱካ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። "ነይ። ያቺን ሃያ ሰባቷን አስተምሪኝ።"

እኔ? እሳቸውን? ተነሳሁ። "እርስዎ ፀሐይ ይሁኑ፣ አይንቀሳቀሱ። እኔ ምድር ነኝ። እማ ጨረቃ ናት።" እማ በእኔና በእሳቸው መካከል ቆመች፣ ይህ አዲስ ጨረቃ ነው። ከዚያ እኔ ቀስ እያልኩ አባን መዞር ጀመርኩ፣ እማ እኔን። እየሳቀችም እያፈረችም። በሩ ከአባ ጀርባ ነው። ስትጀምር ከእኔ በበሩ በኩል ነበረች፣ ዞራ እንደገና በበሩ በኩል ሆነች። "ዞርኩ!" ብላ ቆመች። እኔ ግን በመሃሉ ተጉዣለሁ።

አባ በመቋሚያቸው ጠቆሟት። "አንቺ፣ ዞርሽ እንጂ እኔ ፊት አልደረስሽም። ትንሽ ጨምሪ…"

ጨመረች። በእኔና በእሳቸው መካከል ገባች።

መሬት መሬት አዩ። "ያቺ ትንሿ ናት ሁለቱ ቀን?"

"አዎ፣ አባ።"

"ነገ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ" አሉ። "አይ፣ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።"